አሮጌው መዝገብና አዲሱ ስልክ፦ በሰፈራችን ትልቅና ትንሽን ለማገናኘት

ባሕር ዳር ውስጥ ለቅሶ ደርሳችሁ ከሆነ ይህን አይታችኋል። ድንኳኑ ተተክሏል። በአንድ በኩል ጋቢ የለበሱ አባቶች ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ ወንበር ይሸከማሉ፣ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ሲደክማቸው አጥሩን ተደግፈው ስልካቸውን ያያሉ። ሁሉም ለአንድ ቤተሰብ ኀዘን ነው የመጡት። ሦስት ቀን አብረው ይውላሉ። ሲበተኑ ግን አንዱ የሌላውን ስም አያውቅም። "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ መጠየቅ እንኳ እየቀረ ነው።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። እኔ ያደግኩት ከጎረቤት እሳት እየጫርኩ ነው። ሳጠፋ እናቴ ሳትሰማ ጎረቤታችን ጆሮዬን ይዘው ቀጥተውኛል። ሲርበኝም እሳቸው ቤት በልቻለሁ። ዛሬ ከተማዋ ሰፍታለች። ኪራይ ቤቱ በዝቷል፤ ተከራዩ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ዩኒቨርሲቲው ከየአገሩ ልጆች ይቀበላል፣ አስተምሮ ይሸኛል። የሰፈሩ ልጅ አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ይሄዳል። እናት በሩን ዘግተው ቴሌቪዥን ያያሉ። የተራራቅነው ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። አብረን የምንሠራው ነገር ስላለቀብን ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል። ትልቅና ትንሽ የሚቀራረበው ስለ መቀራረብ ሲወራለት አይደለም፤ አንዱ ያለ ሌላው የማይጨርሰው ሥራ ሲሰጠው ነው። በእኛ ሰፈር ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

አንደኛ፦ ስብሰባ አትጥሩ፣ ሥራ ፈልጉ

መጀመሪያ እኔም ስብሰባ ነበር የጠራሁት። አዳራሽ ለመንን፣ ማይክ ተከራየን፣ አርባ ሰው መጣ። አባቶችና እናቶች ከፊት ተቀመጡ። ወጣቶቹ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ሦስት ሰዎች ንግግር አደረጉ። "የዛሬ ልጆች" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማን አልቆጠርኩም። የታሸገ ውሃ ተጠጣና ተበተንን። በማግስቱ ሰላምታ የጨመረ አንድም ሰው አላየሁም።

የተሳካልን በሌላ ነገር ነው፤ በዕድሩ መዝገብ። የዕድራችን መዝገብ ጠርዙ ያለቀ ትልቅ ደብተር ነበር። በተለያየ ሰው እጅ፣ በተለያየ ቀለም ተጽፏል። አድራሻው "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ይላል፤ ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ያረፈ ሰው ስም ላይ ልጁ ይከፍላል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ልጁ መክፈሉን ጸሐፊው ብቻ ነው የሚያውቀው። የጸሐፊው ዓይን ደክሟል። አንድ ቀን ደብተሩ ቢጠፋ ወይ ውሃ ቢነካው ማን ስንት ዓመት እንደከፈለ የሚያውቅ የለም።

ይህን መዝገብ ወጣት ብቻውን ሊገለብጠው አይችልም። ጽሕፈቱን አያነብም፤ ቢያነብም ሰዎቹን አያውቃቸውም። ሽማግሌ ብቻውንም አይችልም። ዓይኑም ኮምፒውተሩም እሺ አይሉትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሥራው ይሄዳል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። "ይቺ ማን ናት?" ሲባል ታሪክ ይመጣል። "የእገሌ እናት ናት፣ ጠላ ትሸጥ ነበር፣ አሁን የአንተ ጓደኛ ቤት ያለበት ግቢ የእሷ ነበር" ይባላል። ልጁ ሰፈሩን እንደገና ያውቀዋል። ከታሪኩ የተነሣ አንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ። ዋናው ሥራ እሱ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። አሮጌ መዝገቦች ብዙ ጊዜ የአባወራውን ስም ብቻ ይይዛሉ። ስትገለብጡ የሚስትየውንም ስም ከነአባቷ ጻፉ። ባሏ ሞቶ ሃያ ዓመት በስሙ ስትከፍል የኖረች እናት ስሟን መዝገብ ላይ ስታይ ፊቷ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።

የእናንተ ሰፈር መዝገቡ ደህና ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጉ። ሥራው ሦስት ነገር ያሟላ፦ ትልቁ ብቻውን አይችለውም፣ ትንሹም ብቻውን አይችለውም፣ ደግሞ በሁለት ወር ገደማ አልቆ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ይወጣዋል። የድሮ ፎቶዎችን ሰብስቦ ማን ማን እንደሆነ ከጀርባቸው መጻፍ ይሆናል። የእንግጫ ነቀላን ዘፈን ከሚያውቁ እናቶች ተምሮ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶችን ማዘጋጀት ይሆናል። የጎጆ ሙያ ያላቸው እናቶች ካሉ ፈትልና እንዝርትም ይሆናል።

ብዙ ሰው "እምቦጭ እንንቀል" ይለኛል። ሐሳቡ ቅን ነው። ግን እምቦጩ ጣናን በብዛት የወረረው በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። በእኛ በኩል ሐይቁ ዳር ለመሥራት ከፈለጋችሁ ፕላስቲክ መልቀም ይሻላል። ለማንኛውም ሥራ አረጋውያንን ውሃ ውስጥ አታስገቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ወጣቱም ቢሆን ያለ ቦት ጫማ አይግባ።

ሁለተኛ፦ ጥቂት ሰው፣ በስም

አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ስድስት ትልቅ፣ ስድስት ትንሽ። ከዚያ ከበዛ ሦስት አፈኛ ሰዎች ያወራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል።

ማስታወቂያ አትለጥፉ። ቤት ለቤት ሂዱ፤ የሚሄደው ደግሞ የታወቀ ሰው ይሁን። የዕድሩ ዳኛ፣ የሰንበቴው ሙሴ፣ የመስጊዱ ጀመዓ የሚያከብራቸው አባት፣ ወይም ሁሉም ቤት ቡና የምትጠጣ ጎረቤት። ለአረጋውያኑ "ይምጡና እናክብርዎ" አትበሏቸው። ለመከበር ብቻ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። "የእርስዎ እጅ ከሌለበት ይህ መዝገብ አይነበብም" በሏቸው። እውነትም ነው፤ ይመጣሉ።

ወጣቶቹንም እንዲሁ። "አረጋውያንን እርዱ" ሲባል ልጁ ቅጣት ይመስለዋል። "ኮምፒውተር የምትችለው አንተ ነህ አሉኝ፤ አንድ ገጽ ሞክርልን" በሉት። ስትመርጡ ከቤት የማይወጡትን አትርሱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ ጡረታ ወጥተው ሥራ የናፈቃቸው አባት፣ አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ ውጤት አልመጣልህ የተባለ ልጅ። ይህ ልጅ በተለይ። ተፈላጊነቱን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሲሰማ የሚሆነው ነገር በሌላ መንገድ የሚመጣ አይመስለኝም።

ተከራዮችንም ጥሩ። "ሰፈርተኛ አይደለም" የሚባለው ልጅ ነገ ጎረቤት የሚሆነው ዛሬ ስንጠራው ነው።

ሦስተኛ፦ ቦታና ቀን

አንድ ግቢ ይበቃል። ጥላ ይኑረው፣ ሽንት ቤቱ ቅርብና ደረጃ የሌለው ይሁን። መደገፊያ ያለው ወንበር ይኑር፤ በርጩማ ለወጣት ነው። ቀኑን ስታወጡ የገበያውን ቀን ቅዳሜን፣ የሰንበቴና የማኅበር ቀኖችን፣ የዓርብ ስግደትን አስቡ። ጠዋት ጥሩ ነው። ከምሽቱ በፊት ሁሉም ቤቱ እንዲገባ ጨርሱ። የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ፣ ለቀበሌም አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ያልታወቀ ስብስብ ማንንም ያስጨንቃል።

አንዳንዱ የዓለም አረጋውያን ቀንን መጀመሪያ ማድረግ ይፈልጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ቀን የወሰነው በ1983 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ይከበራል። በእኛ ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 21 ግን ግሸን ማርያም ናት! እናቶች ወይ ግሸን ሄደዋል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሌላ ቀን ምረጡ።

የሚቀርበው ቡናና ቆሎ ይሁን። ቆሎ የጾም ምግብ ነው፣ ሃይማኖት አይለይም፣ ውድ አይደለም። ጥርስ ለሌላቸው ደግሞ ለስለስ ያለ ዳቦ ይቅረብ። ረመዳን ከሆነ ቡናውንም አቆዩት፤ ሁሉም አብሮ የማይጠጣው ቡና ቢቀር ይሻላል።

አራተኛ፦ የመጀመሪያው ቀን

ዋናው አቀማመጥ ነው። ካልነገራችኋቸው ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ ይቀመጣል። ቀድማችሁ ወንበሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ፣ እየመራችሁ አስቀምጡ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ስምህን ማን አወጣልህ? ለምን?" የእኛ አገር ስም ባዶ አይደለም። አንዷ ከሞት ተርፋ "ተረፈች" ትባላለች። አንዱ ከወንድሙ ሞት በኋላ ተወልዶ "ካሣ" ይባላል። "ማስረሻ" አለ፣ "ይበልጣል" አለ። ወጣቱም የራሱ አለው፤ እናቱ ያወጣችለት ሌላ፣ አያቱ የሚጠሩት ሌላ። ትልቁ ለትንሹ፣ ትንሹ ለትልቁ ይንገር። ቀጥሎ እያንዳንዱ የጥንዱን ስም ታሪክ ለሁሉም ያውራ። የራሱን አይደለም፣ የጓደኛውን። ለማውራት ማዳመጥ ግድ ይሆናል። በእኛ ሰፈር ይህን ስናደርግ ሁለት ሴቶች አለቀሱ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የማንንም ስም አልረሳም።

ስለ አጠራር አንድ ነገር። ወጣቶቹ "አንቱ" ይበሉ ወይ "እርስዎ"፣ እንደለመዱት፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ አባባም ይሁን። አረጋውያኑ ደግሞ "አንተ ልጅ" ማለቱን ትተው በስም ይጥሩ። ይህን ለአባቶች የሚነግራቸው እኩያቸው ይሁን፤ ከልጅ አፍ አይወጣም።

ሁለተኛው ደንብ፣ ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው። አባቶቻችን መምከር ይወዳሉ፤ ምክራቸውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ሳይጠየቅ የመጣ ምክር ልጁን ስልኩ ውስጥ ያስገባዋል። እስቲ ሁለት ሳምንት ታገሡ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?" የሚል ልጅ ይመጣል። እኛ ጋ የመጣው የሥራ ነገር የጨነቀው ነበር። ጋሼም እሱን ለመስማት ግማሽ ቀን ሰጡት።

ዕለቱን ሥራውን በመጀመር ጨርሱ። መዝገቡን ከፍታችሁ አምስት ስም ገልብጡ። ሰው ነገ የሚመለሰው የጀመረው ነገር ሲኖር ነው።

አምስተኛ፦ የስልክ ትምህርት

ከመዝገቡ ጎን ለጎን በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ለስልክ ስጡ። አረጋውያኑ በጣም የሚፈልጉት ይህን ነው፤ ግን ልጆቻቸው ሲያስተምሯቸው ስለሚቆጡ መጠየቅ ትተዋል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ደንብ ይህ ነው፦ ስልኩን ከእጃቸው አትውሰዱ። ወጣት "ቆይ ላሳይዎ" ብሎ ይቀበልና በሁለት ሴኮንድ ጨርሶ ይመልሳል። እማማ ምንም አልተማሩም። አስተማሪው እጁን ጉልበቱ ላይ ያድርግ፣ በአፉ ብቻ ይናገር። "ከታች አረንጓዴው፣ አዎ፣ ይጫኑት።" ቢሳሳቱ ተዉአቸው፤ ስልክ በስሕተት አይሰበርም።

በአንድ ቀን ከሦስት ነገር በላይ አታሳዩ። የመጀመሪያው ቀን፦ ፊደሉን ማተለቅ፣ የጥሪውን ድምፅ መጨመር፣ የልጃቸውን ስልክ ከነፎቶው መመዝገብ። ማንበብ ለማይችሉ እናት ፎቶው ስም ይሆናቸዋል። ሁለተኛው ቀን፦ በ*804# ሒሳብ ማየት፣ ካርድ መሙላት፣ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ። የድምፅ መልእክት ሲገባቸው ሌላ ዓለም ይከፈትላቸዋል። ውጭ አገር ያለው የልጅ ልጅ ድምፅ ተደጋግሞ ይሰማልና። ሦስተኛው ቀን ቴሌብር ይሁን፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው በ*127# ይገባሉ።

ቴሌብር ላይ ጥንቃቄው ይብዛ። አንደኛ፣ ፒኑን አረጋዊቷ ሲጫኑ ወጣቱ ፊቱን ያዙር። ይህን በመጀመሪያው ቀን በሁሉም ፊት እንደ ሥርዓት አስለምዱት። ኋላ ብር ጎደለ ቢባል ልጁ አይጠረጠርም። ሁለተኛ፣ ፒኑ የልደት ዓመት አይሁን። ሦስተኛ፣ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የተላከልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" የሚል ሰው ሌባ ነው። ይህን ተለማመዱት። አንዱ ወጣት እንደ ሌባ ይደውል፣ እማማ ጆሮው ላይ ይዝጉ። በሳቅ የተማሩት አይረሳም። ሁሉንም በትልልቁ በእጅ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጧቸው።

ስድስተኛ፦ ታሪክን መቅዳት

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጥንዶቹ ሲላመዱ መቅዳት ጀምሩ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱም ራሱ ይቀዳ። ስልኩን በረራ ሞድ ላይ አድርጉት፣ ጥሪ መሐል እንዳይገባ። አፋቸው አጠገብ፣ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት። ቡና እየተወቀጠ አትቅዱ፤ ሙቀጫው ብቻ ነው የሚሰማው። በአንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ይበቃል።

ጥያቄው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ስለ ድሮ ታሪክ ይንገሩን" ካላችሁ ንግግር ትሰማላችሁ። ትንሽና የሚታይ ነገር ጠይቁ። ውሃ ከየት ነበር የሚቀዳው? በመጀመሪያ ደመወዝዎ ምን ገዙ? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ ሲመጣ ከሰፈሩ ማን ገባ? ፖሊቴክኒኩ በ1955 ሲከፈት የመጡት ተማሪዎች የት ይከራዩ ነበር? ዓባይ ላይ ያለው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ተመርቋል፤ 380 ሜትር ይረዝማል። ልጆቹ በእሱ ላይ ፎቶ ይነሣሉ። "እርስዎ በልጅነትዎ ዓባይን እንዴት ይሻገሩ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። ሰው ዓመትን በሁኔታ ነው የሚያስታውሰው። "ደርግ ሲገባ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?" ካላችሁ 1967ን ታገኛላችሁ። "ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ?"፣ "ኢሕአዴግ ሲገባ ትምህርት ቤት ነበር?" ካላችሁም እንዲሁ። ዓመቱን ወጣቱ ኋላ ያሰላዋል።

የሚያሳዝን ነገር ሲመጣ ቀረጻውን አቁሙ፣ ሰውየውን አታቁሙ። ጦርነት፣ የሞተ ልጅ፣ እስር ይመጣል። ሌላ ሰው እንዲሰማው የማይፈልጉት ነገር እንደሆነ ጠይቁና ከፈለጉ አጥፉት። የተቀዳውን በሚሞሪ ካርድ ገልብጣችሁ ለቤተሰቡ ስጡ። ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። እኛ አንድም አልለጠፍንም።

ሰባተኛ፦ አንድ ቀን ወደ ሐይቁ

ሥራው ግማሽ ሲደርስ አንድ ቀን ውጡ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ጣና ነፋስ ይነሣበታል። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ሳትቆጥሩ አትሳፈሩ።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ከጀልባው ማረፊያ ዳገትና ድንጋያማ መንገድ አለ። ለጉልበት ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ስጡት፣ ጥንዶቹ ክንድ ለክንድ ይያያዙ። ዑራ ሴትም ወንድም ይገባል፤ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አይገባም፣ ስለዚህ እናቶችን ይዛችሁ ወደዚያ አትሂዱ። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቤተ መቅደሱ ዙሪያውን ተሥሏል። በዕድሜ የገፉት እናት ሥዕሉን እንደ መጽሐፍ ያነቡታል፤ የቱ ቅዱስ እንደሆነ፣ ለምን ዓይን አንድ ብቻ እንደተሣለ። አብረውን ከሄዱት ልጆች አንዱ እስከዚያ ቀን ክፉ ሰው በጎን ገጽ፣ አንድ ዓይን ብቻ ታይቶ እንደሚሣል አያውቅም ነበር።

ከመካከላችሁ ሙስሊም ጎረቤት ካለ ገዳም የሁሉም ጉዞ አይሆንም። ያኔ የሐይቁን ዳር ይዛችሁ በእግር ሂዱ፣ ታንኳ የሚሠሩትን ነገደ ወይጦ አባቶች ጎብኙ። ታንኳው የሚሠራው ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ነው፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው አዲስ ይታሰራል። እነሱ ባለሙያዎች ናቸውና ለጊዜያቸው ተገቢውን ክፍያ ቀድማችሁ ተስማሙ። ለረጅም ዘመን በጎረቤቶቻቸው የተናቁ ሰዎች ናቸው። እናንተ ስትሄዱ እንደ መምህር ቁጠሯቸው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ደንገሉን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ግን ማን አለ?

ስምንተኛ፦ የሚያበላሹ ነገሮች

አበል። አንዴ ከከፈላችሁ ሁለተኛ በነፃ የሚመጣ የለም። የባጃጅ መመለሻ ለአረጋውያን ብቻ ስጡ።

ፖለቲካ። ይነሣል። ዘመኑ ከባድ ነው፣ ከእያንዳንዱ ቤት ሐዘን አለ። አትከልክሉ፤ ግን "ይህን ቡና ላይ አንፈታውም" ብሎ ነገሩን የሚያበርድ አንድ ሽማግሌ ቀድማችሁ ምረጡ።

ፎቶ። አንድ እናት በቤት ልብሳቸው ተነሥተው ፌስቡክ ላይ ራሳቸውን ሲያዩ ሁለት ሳምንት ቀርተውብናል። ይቅርታ ጠይቀን ነው የመለስናቸው።

መቅረት። ወጣት ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። ሲሄድ ዝም ብሎ አይጥፋ፤ ጥንዱን ተሰናብቶ፣ ተመርቆ ይሂድ። በቦታው ሌላ ልጅ ራሱ ያምጣ።

ሞትም አለ። እኛ ሥራውን ሳንጨርስ አንድ አባት አረፉ። ጥንዳቸው የነበረው ልጅ ወንበር ከሚሸከሙት ጋር አልቆመም። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ አለቀሰ። ይህን እንዲያደርግ ማንም አላዘዘውም። እናንተ ግን ተዘጋጁ፣ ልጁን ብቻውን አትተዉት፣ የተቀዳውን ድምፅ በአርባቸው ለልጆቻቸው አድርሱ።

ዘጠነኛ፦ መዝገቡ ሲያልቅ

ስድስት ሳምንት ወይ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። መዝገቡን በሁለት ቅጂ አትሙ፤ አንዱ ጸሐፊው ዘንድ፣ አንዱ ዳኛው ዘንድ። ፋይሉን በሁለት ሰው ስልክና በአንድ ፍላሽ አስቀምጡ። አሮጌውን ደብተር እንዳትጥሉ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አኑሩት።

ከዚያ ወደ ዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቅርቡ። አንደኛው፣ ጸሐፊው ምክትል ይኑራቸው፣ ምክትሉም ከሠላሳ ዓመት በታች ይሁን። ሁለተኛው፣ ቤት ያልመሠረተ ወጣት በራሱ ስም፣ በግማሽ መዋጮ፣ የዕድር አባል መሆን ይችል። በብዙ ዕድር አባል የሚሆነው ባለትዳር ወይም ባለቤት ብቻ ነው። ልጁ ወንበር ይሸከማል እንጂ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ላይ እምቢ የሚሉ አባቶች ይኖራሉ። ሐሳቡን የሚያቀርበው ከስድስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ይሁን፤ ወጣቱ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ዝም ይበል።

በእኛ ዕድር ሐሳቡ በሁለተኛው ስብሰባ አለፈ። አዲሱ ምክትል ጸሐፊ በዚያው ቀን ስም ጠሪ ሆነ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ እሁድ ከጸሐፊው ጎን ተቀምጦ መዋጮ ይቀበላል። ጸሐፊው ዓይናቸው ለደከመበት ስም ወደ እሱ ያያሉ፤ እሱ ላላወቀው ሰው ወደ እሳቸው ያያል።